ዘጠኝ ወር ከስንት ቀን? የምጥ ማስጀመር ውሳኔ ታሪክ

በቃሊቲና በአቃቂ ጤና ጣቢያዎች፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትል በሚደረግበት ክፍል፣ ዘወትር የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። «ቀኔ አልፏል፤ ምጡ ግን አልመጣም፤ አንድ ነገር ይደረግልኝ» የሚል ነው። አዋላጂቱ ለዚህ ጥያቄ ያላት መልስ ጥቂት ነው። «እንጠብቅ» ልትል ትችላለች። በምርመራ ጊዜ ጣቷን በማሕፀኑ በር አሳልፋ የእንሽርቱን ከረጢት ከግድግዳው ዙሪያውን ልታላቅቅ፣ ማለትም በሥራ ቋንቋችን «ስዊፕ» የምንለውን ልታደርግ ትችላለች። ወይም ደግሞ እናቲቱን ወደ ሆስፒታል ልካ ምጥ በመድኃኒት እንዲጀመርላት ታስወስናለች። የእጅ ሥራው አጭር ነው፤ ስዊፑ ብቻውን ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ውሳኔው ግን ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩም በከፊል የለንደንና የኤዲንበርግ፣ በከፊል የካምፓላ፣ በከፊል ደግሞ የራሳችን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ነው። የዓመታዊ መጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ሙያችን ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ተቋማት ምሥረታ ከመዘርዘር ይልቅ ይህን አንድ ውሳኔ ተከትዬ ወደ ኋላ መሄድን የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀን ቈጠራ ነው። በአገራችን ስለ እርግዝና ሲነሣ «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የማይል ሰው አይገኝም። ይህ ቍጥር በዘፈቀደ የተባለ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ጽንሰት መጋቢት 29 ቀን፣ ልደቱን ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን ታስባለች። በመካከሉ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ቀን ያላቸው ዘጠኝ ወሮችና አምስቱ የጳጉሜን ቀኖች አሉ፤ ድምሩ 275 ቀን ይሆናል። ሊቃውንቱ ለዚህ ድምር ምን ያህል እንደ ተጠነቀቁ ለመረዳት የዘመነ ዮሐንስን ገና መመልከት ይበቃል። ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ እንግዲያስ ታኅሣሥ 29 ቢጠበቅ ድምሩ 276 ሊሆን ነው። ስለዚህ በተከታዩ ዓመት ልደት አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ 275ቱም ሳይናጋ ይኖራል። በ2016 ዓ.ም. ገና በ28 የዋለው በዚህ ምክንያት ነበር። የእርግዝናን ዘመን በአንዲት ቀን እንኳ ላለማዛባት ሲባል ታላቅ በዓል ከቦታው የሚነቀነቅበት ሌላ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሆኖም ይህ ቈጠራ ከጽንሰት የሚነሣ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው ቈጠራ የሚነሣው ግን ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን ነው፤ በሁለቱ መካከል እንደ ደንቡ ሁለት ሳምንት ያህል አለ። እንግዲህ 275ቱ ቀን ከጽንሰት ከተቈጠረ በእኛ ሂሳብ 289 ቀን፣ ማለትም 41 ሳምንት ከሁለት ቀን ይሆናል። አንዲት እናት ግን ያንኑ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን የወር አበባዋን ካየችበት ዕለት ጀምራ ብትቈጥር የምትደርሰው 39 ሳምንት ከሁለት ቀን ላይ ነው። አነጋገሩ አንድ፣ ቍጥሩም አንድ ሆኖ ሳለ በውጤቱ የሁለት ሳምንት ልዩነት አለ። የዛሬው ዓለም ሐኪሞች ስዊፕ ይደረግ አይደረግ፣ ምጥ ይጀመር አይጀመር እያሉ የሚከራከሩት በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ስላለችው እናት ነው።

የትምህርት ቤቱን ቈጠራ ስሙን የሰጠው ጀርመናዊው የሃይደልበርግ ሐኪም ፍራንዝ ኔጌሌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1812 የጻፈው ደንብ ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ አንሥቶ 280 ቀን ወይም 40 ሳምንት ይሰጣል። እርሱ የጻፈው ወራቱ አንዳንዴ 30፣ አንዳንዴ 31 ለሚሆኑበት አቈጣጠር ነው። ወደ እኛ ሲመጣ መላመድ ነበረበት። በኢትዮጵያ አቈጣጠር እርግዝናው ጳጉሜንን የማያልፍ ከሆነ ዘጠኝ ወርና 10 ቀን ይደመራል፤ ጳጉሜንን የሚያልፍ ከሆነ ዘጠኝ ወርና 5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ወርና 4 ቀን ይደመራል። ለምሳሌ የመጨረሻ ወር አበባዋን ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ያየች እናት የምትጠበቀው ነሐሴ 11 ቀን ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ያየችው ደግሞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚሰናከሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። በደንቡ ውስጥ ያለው «ዘጠኝ ወር ከአምስት» ከአያቶቻቸው ከሰሙት «ዘጠኝ ወር ከአምስት» ጋር ይመሳሰልባቸዋል። በአያቶች ቈጠራ አምስቱ ቀን ራሷ ጳጉሜን ናት፤ በደንቡ ግን አምስቱ ቀን ከጳጉሜን በላይ የሚጨመር ነው። የመጀመሪያው 275፣ ሁለተኛው 280 ይሰጣል።

ቈጠራው ምንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን መነሻው ካልታወቀ ዋጋ የለውም። «የመጨረሻው ወር አበባሽ መቼ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ በቃሊቲ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ በቀን ሳይሆን በበዓል ነው። «ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ»፣ «ፍልሰታ ሲገባ»፣ «በማርያም ማግሥት» ይባላል። ይህ ለአዋላጇ ጥሩ መልስ ነው፤ በዓሉን ካወቀች ቀኑን ታወጣዋለች። የእስልምና ተከታይ የሆነችው እናት «ረመዳን ሲያልቅ» ስትል ግን ጾሙ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚሄድ በዚያ ዓመት በየትኛው ወር እንደ ዋለ ማጣራት ይገባል። በፋብሪካ የምትሠራይቱ ደግሞ «ደመወዝ በተቀበልን በሦስተኛው ቀን» ልትል ትችላለች። እነዚህን መልሶች ወደ ቀን መመለስ የአዋላጅነት አንዱ ጥበብ ነው፤ በየትኛው የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገኝ ግን እንጃ።

በቤት ውስጥ የነበረው ልማድ በጠቅላላው መጠበቅ ነበር ሊባል ይቻላል። ድርስ እርጉዝ «ወሯ ገብቷል» ይባላል እንጂ «ቀኗ ደርሷል» ብሎ ዕለት የሚቈርጥ አልነበረም፤ ወር ሰፊ ነው፤ ሠላሳ ቀን ሙሉ ይታገሣል። ጎረቤት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል። ተልባ ትጠጣለች፤ የልምድ አዋላጇ ሆዷን በቅቤ ታሻታለች። ምጡ ሲመጣ ሴቶቹ ተሰብስበው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ከዚህ ውጭ ምጥን በጣት ወይም በመሣሪያ ቀስቅሶ ማምጣት የልማዱ ዋና ክፍል አልነበረም። ይህን ስል ልማዱን ለማሞገስ አይደለም፤ ቤት ውስጥ በመጠበቅ የሞቱት እናቶችና ሕፃናት ብዙ ናቸው። ነገር ግን ዛሬም አንዲት አያት «ልጁ ሲበስል ይወርዳል፤ ምን ያጣድፋችኋል?» ብላ ስትከራከረን የምትናገረው ካለማወቅ ብቻ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል ነው።

በአውሮፓ ምጥን ማስጀመር የተጀመረው ቀን አልፏል ተብሎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1756 በለንደን የነበሩ ስመ ጥር ሐኪሞች ዳሌዋ የጠበበ እናት ልጁ ሳያድግ አስቀድማ እንድትወልድ ማድረግ ይገባልን፣ በሕሊናስ ፊት ይፈቀዳልን ብለው እንደ መከሩ ቶማስ ዴንማን ጽፎልናል። የወሰኑት «ይፈቀዳል» ብለው ነበር፤ መንገዱም የእንሽርቱን ከረጢት በስቶ ውሃውን ማፍሰስ ነበር። በዚያ ዘመን በሆድ በኩል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና እናቲቱን የሚገድል ስለ ነበር አማራጩ ልጁን በማሕፀን ውስጥ ቈራርጦ ማውጣት ብቻ ነበር። ከረጢቱ ከተበሳ በኋላ ግን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ምጡ ቢዘገይ ልክፈት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1810 የኤዲንበርጉ የማዋለድ ጥበብ መምህር ጄምስ ሐሚልተን ከረጢቱን ሳይበሱ በጣት ብቻ ከማሕፀኑ የታችኛው ክፍል የማላቀቅን ዘዴ የጻፈው ይህን ችግር ለማቅለል ነበር። እኛ ዛሬ በጓንት የምናደርገው ስዊፕ በመሠረቱ ያው የሐሚልተን ዘዴ ነው። ለምን እንደሚሠራ ግን ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በግልጽ የታወቀ አልነበረም።

መድኃኒቱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል እ.ኤ.አ. በ1906 ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱዪተሪ ከምትባለው እጢ የተጨመቀ ፈሳሽ የእንስሳ ማሕፀን እንዲኰማተር እንደሚያደርግ አሳየ። ብሌር ቤል በ1909 በወላዶች ላይ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ። በአንድ ጊዜ በመርፌ ሲሰጥ ግን ምጡን የሚቈጣጠረው አልነበረም፤ ማሕፀን ያለ ዕረፍት ይጨመቅና ልጁ ይታፈናል፣ አንዳንዴም ማሕፀኑ ራሱ ይቀደዳል። ጆፍሪ ቲዮባልድ በ1948 በደም ሥር ጠብታ፣ በትንሹ እየቀጠነ የሚሰጥበትን መንገድ አስተዋወቀ። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ኦክሲቶሲንን በ1953 በላቦራቶሪ ሠርቶ በ1955 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በቃሊቲ «የምጥ መርፌ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ዛሬ የሚሰጠው በጠብታ ቢሆንም የቀድሞው ስሙ አልለቀቀውም። እናቶች «በመርፌ የመጣ ምጥ ራሱ ከመጣው ይብሳል» የሚሉት ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ መድኃኒት ወደ አገራችን የገባው ከአዋላጅነት ትምህርት ጋር በተቀራረበ ዘመን ነው። በለንደን የነርስነት ሙያ የተማሩት ልዕልት ፀሐይ እ.ኤ.አ. በ1942 በለቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ነርሶችን ያሠለጥን ነበር፤ አውስትራሊያዊቱ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1959) ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ለማስተማር ቢመጡም በራቸው ላይ ያገኙት ለቀናት አምጠው ልጃቸውን ያጡና ሽንታቸውን መቈጣጠር ያቃታቸው እናቶችን ነበር። በመጨረሻ ሕይወታቸውን የሰጡት ለእነዚህ እናቶች ሆነ፤ የፊስቱላ ሆስፒታሉም እ.ኤ.አ. በ1974 ተከፈተ።

ይህን ታሪክ እዚህ ያስገባሁት ለስም ዝርዝር አይደለም። በ1756 የለንደን ሐኪሞች ምጥን ለማስጀመር ያነሣሣቸው የዳሌ ጥበት ነበር። በኢትዮጵያ ግን ያው የዳሌ ጥበት ምጥን በመድኃኒት ላለማስጀመር ዋና ምክንያት ሆነ። በልጅነቷ ምግብ ሳይሟላላት ያደገች፣ ዳሌዋ ሳይሰፋ የተዳረች እናት የሚገጥማት አደጋ የመንገዱ መዘጋት ነው። ለተዘጋ መንገድ ኃይል መጨመር ማሕፀንን መቅደድ ነው፤ በተለይ ብዙ ጊዜ የወለደች፣ ወይም ማሕፀኗ ቀድሞ የተሰፋ ከሆነ። ስለዚህ የኦክሲቶሲን ጠብታ የሚሰቀልበት ቤት የኦፕራሲዮን ክፍል፣ ደምና ሌሊት የሚሠራ ሐኪም ሊኖረው ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ምጥ የሚጀመረው ግልጽ የሕክምና ምክንያት ሲኖር፣ የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ባለበት ቦታና የእናቲቱ ፈቃድ ተጠብቆ መሆን እንዳለበት፣ መድኃኒት የተሰጣት እናትም ብቻዋን መተው እንደሌለባት ጽፏል። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ በሰው ኃይል እጥረት ውስጥ ለምንሠራው ከሁሉም የከበደ ነው።

ከዚህ የተነሣ በኢትዮጵያ የተገኘው ምናልባት ከሁሉ የበለጠ ጥበብ ያለበት መልስ መድኃኒት አልነበረም። በጉራጌ፣ በወልቂጤ አጠገብ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ድርስ እርጉዞች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቀመጡባቸውን ጎጆዎች በግቢው ውስጥ ሠራ። እናቲቱ ራሷ ታበስላለች፤ ቤተ ሰብ ስንቅ ያቀብላል፤ ምጡ ሲመጣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ የሚለያት ጥቂት እርምጃ ብቻ ይሆናል። መጠበቁ አልቀረም፤ የሚጠበቅበት ቦታ ግን ተለወጠ። ዛሬ በየክልሉ የምናውቃቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶች የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ከአፍሪካ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሱልጣን ካሪምና ባልደረቦቹ በካምፓላ፣ በማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለወላዶች በደም ሥር ሰጥተው ምጥ እንደሚያስጀምር አሳዩ። የሐሚልተን ጣት ለምን እንደሚሠራም በዚህ መንገድ ግልጽ እየሆነ መጣ፤ ከረጢቱ ሲላቀቅ በዚያ ሥፍራ የሚወጣው ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1964፣ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቢሾፕ የማሕፀን በር ለምጥ መዘጋጀቱን በአምስት ምልክቶች የሚመዝን ነጥብ አውጥቶ ነበር፤ በሩ ምን ያህል ተከፍቷል፣ ምን ያህል ሳስቷል፣ ለስልሷል ወይስ ጠንክሯል፣ ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ፣ የልጁ ራስስ የት ደርሷል የሚሉ ናቸው። በ1972 ሂዩ ፊልፖት በዛሬዋ ሐራሬ የምጥን ሂደት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ፣ ፓርቶግራፍን፣ ከማስጠንቀቂያና ከእርምጃ መስመሮች ጋር አዘጋጀ። ትዕግሥት መቼ እንደሚበቃ የሚናገር መሣሪያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

መሣሪያ ሲበዛ ፍላጎት ይበዛል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከ10 ወላዶች ወደ 4 የሚሆኑት ምጣቸው በሰው እጅ የተጀመረ ነበር። ጋዜጦች ጻፉ፤ እናቶች «ለሐኪሙ የሥራ ሰዓት እንዲመች ነው» ብለው ተቃወሙ፤ ቍጥሩም በኋላ ቀነሰ። በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ ጥያቄው ጨርሶ ሌላ ነበር። ከዚያ ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። በአዲስ አበባ ግን በ2016 ቀድሞውኑ 97 ነበር። እንግዲህ የቃሊቲ አዋላጅ በአንድ እግሯ በዚያኛው፣ በሌላው እግሯ በዚህኛው ዘመን የምትቆም ናት፤ ከክፍለ ሀገር መጥታ በቅርብ የሰፈረችው እናት እናቷ በቤት፣ እኅቷ በገጠር ጤና ጣቢያ፣ እርሷ ራሷ ደግሞ በከተማ ሆስፒታል ይወልዳሉ።

አቃቂና ቃሊቲ ከባቡር ሐዲዱና ከደብረ ዘይት መንገድ ጋር ያደጉ የፋብሪካ ሠፈሮች ናቸው፤ የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱ፣ የዱቄቱ ፋብሪካ ሠራተኛውን ከየአቅጣጫው ሰብስቧል። ለረጅም ዘመን የዚህ አካባቢ ወላድ ነገሩ ሲከብድባት የምትሄደው ወደ መሐል ከተማ፣ የሕንድ ማኅበረሰብ ለጋንዲ መታሰቢያ ወዳሠራው የወሊድ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌሎቹ ነበር። ከከባድ መኪናዎች ጋር እየተጋፋች በዚያ መንገድ ማለፍ ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ5000ና በ10000 ሜትር ሁለት ወርቅ ባመጣችው በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው፣ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በክፍለ ከተማው ሲከፈት ርቀቱ ተለወጠ። ርቀት ሲለወጥ ውሳኔም ይለወጣል። ኦፕራሲዮን ሩቅ በነበረበት ጊዜ «እንጠብቅ» ማለትም «እናስጀምር» ማለትም አስፈሪ ነበር፤ ሲቀርብ ሁለቱም ይቀላሉ፤ በዚያው ልክ «እናስጀምር» ማለት በጣም ይቀላል።

የፋብሪካ ሠራተኛዋ ሌላም ምክንያት አላት። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለጃ ግምቷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ግምቱን የሚጽፈው ማን ነው? እኛ ነን። በበዓል የተነገረን ቀን ወደ ቍጥር ለውጠን ማስረጃው ላይ የጻፍነው ዕለት የፈቃዷ መነሻ ይሆናል፤ ሁለት ሳምንት ከተሳሳተ ቤት ውስጥ ያለ ምጥ የምትቀመጥበት ሁለት ሳምንት ይሆናል። በሠላሳው ቀን ውስጥ ካልወለደች በሕክምና ማስረጃ እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ እንደምታገኝ ያው አዋጅ ቢደነግግም፣ ይህን የሚያውቁት ሠራተኞች ብዙ አይደሉም። «ፈቃዴ ሊያልቅ ነውና አስጀምሩልኝ» የምትለዋን እናት በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት ስዊፕ ሳይሆን አንድ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

በቅርብ ዓመታት የወጡት ጥናቶች ውሳኔውን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይጎትቱታል። በስዊድን በ14 ሆስፒታሎች፣ በ2760 እናቶች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት 41 ሳምንት ላይ የተጀመረላቸውን 42 እስኪሞላ ከጠበቁት ጋር አነጻጽሯል። ከሚጠብቁት መካከል 6 ሕፃናት ሞቱ፤ ከሌሎቹ መካከል አንድም አልሞተም፤ ጥናቱም ሳያልቅ ቆመ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት 41 ሳምንት ለሞላት እናት ምጥ እንዲጀመር መምከሩን ያጸናል። በአሜሪካ በ6106 የመጀመሪያ ወላዶች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመው ደግሞ 39 ሳምንት ላይ ማስጀመር ኦፕራሲዮንን ከ22.2 ወደ 18.6 ከመቶ እንዳወረደው አሳይቷል። ይህን ይዘን ወደ ቃሊቲ ከመሮጣችን በፊት በዚያ ጥናት የገቡት እናቶች የእርግዝና ዕድሜያቸው በቅድሚያ በአልትራሳውንድ የተረጋገጠ መሆኑን እናስብ። በኢትዮጵያ በ2016ቱ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከ100 እናቶች 20 ብቻ ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚነሣ አልትራሳውንድ ደግሞ እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ «39 ሳምንት» ብለን ያስጀመርንላት እናት 36 ላይ ልትሆን፣ ልጁም ሳንባው ሳይጠና ሊወለድ ይችላል።

ስለ ስዊፕ ራሱ በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 44 ጥናቶችንና 6940 እናቶችን ሰብስቦ ተመልክቷል። ስዊፕ የተደረገላቸው ምጣቸው በራሱ የመምጣቱ ዕድል ይጨምራል፤ በመድኃኒት ማስጀመር የሚያስፈልጋቸውም ቍጥር በሩብ ያህል ይቀንሳል። የማስረጃው ጥንካሬ ብዙ አይደለም፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ትንሽ ነው፤ ሕመም፣ ጥቂት ደምና ወደ ምጥ የማይለወጥ ቁርጠት ይመጣል። እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር የሸፈነ ከሆነ ግን ፈጽሞ አይነካም። እኔ ስዊፕን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ለዝቅተኛ ጤና ጣቢያ የሚስማማ፣ ጠብታ የማይፈልግ፣ ሆስፒታሉን ከማጨናነቅ የሚያድን ሥራ ነው።

ከእርሱ አጠገብ ያለው ሚሶፕሮስቶል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለጨጓራ ቁስል የተሠራው ይህ ክኒን ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለምጥ ማስጀመሪያነት ገብቷል፤ በእኛ ዘንድ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ለማቆም በየቦታው ይገኛል። በብዙ ቦታ የሚገኘው ክኒን 200 ማይክሮግራም ነው፤ ለምጥ የሚፈለገው 25 ነው፤ ማለትም አንድ ስምንተኛ። በምላጭ ስምንት ቦታ የተቈረጠ ክኒን እኩል አይሆንም። በ200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ቢሟሟ ግን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር አንድ ማይክሮግራም ይይዛልና 25ቱን መለካት ቀላል ነው። በእጅ ያለ ሁሉ ለመጠቀም የሚገፋፋ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የኦፕራሲዮን ክፍል በሌለበት ቦታ ግን ይህ ክኒን ለምጥ ማስጀመሪያነት ከመሳቢያ መውጣት የለበትም።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም የቀለለና ከሁሉም የሚዘነጋ ነው። ስዊፕ የሚደረገው በምርመራ መካከል፣ ጣት ቀድሞ በገባበት ጊዜ በመሆኑ በብዙ አገሮች ሳይነገር ይደረግ ነበር፤ ዛሬም የሚደረግበት አለ። እናቲቱ «ምርመራው ለምን አመመኝ?» ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ማታ ደም ስታይ ትደነግጣለች፤ አማቷም «ምን አደረጉሽ?» ትላለች። ሰዎቹ በቀጣዩ ጊዜ ዘግይተው የሚመጡት ስለዚህ ነው። ከምርመራው በፊት፣ ልብሷን ሳታወልቅና ቀና ብላ ተቀምጣ ሳለ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ትንሽ ያማል፤ ከመርፌው ሊያድንሽ ይችላል፤ ባይደረግልሽም እንጠብቃለን» ብሎ መንገር የሚወስደው ከስዊፑ ያነሰ ጊዜ ነው። እሺ ካለች ይደረጋል፤ እንቢ ካለች በካርዷ ላይ የተመለከተውን ቀን፣ ከየት እንደ ተቈጠረም ጭምር፣ «ከጥምቀት ማግሥት» ብላ እንደ ነገረችን በቃሏ ጽፈን፣ የልጁን የልብ ትርታ አድምጠን፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከ41ኛው ሳምንት ሳያልፍ እንሰጣታለን።